ማን ይገባል፣ ማን ይከፍላል፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቅበላና ስለ ወጪ መጋራት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በየቤቱ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። አንደኛው «ልጁ ገባ ወይስ አልገባም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ «ስንት ያስወጣል?» የሚል ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያስባቸዋል። የመጀመሪያውን የተማሪው ጉብዝና፣ ሁለተኛውን የቤተሰቡ አቅም ይወስነዋል ይላል። ጉብዝናም አቅምም ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ የሚወስነው የመንግሥት ፖሊሲ ነው። የትምህርቱ ወጪ በማን ትከሻ ላይ፣ በየትኛው ጊዜ እንደሚያርፍ የሚወስነውም ይኸው ፖሊሲ ነው። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይነቃነቃል። በዚህ ትምህርት የምንከተለው ይህንን ትስስር ነው፤ ምሳሌያችንም የራሳችን አገር ታሪክ ነው።

አስቀድመን የምንጠቀምባቸውን ቃላት ትርጉም እናስቀምጥ።

ወጪ ስንል አንድን ተማሪ ለማስተማር የሚውለውን ሀብት በሙሉ ማለታችን ነው። የመምህሩ ደመወዝ፣ የቤተ ሙከራው ኬሚካል፣ የዶርሙ ግንባታና ጥገና፣ ካፌ የሚቀርበው እንጀራና ሽሮ፣ ውኃና መብራት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ክፍያ ስንል ከዚህ ወጪ ውስጥ ተማሪው ወይም ቤተሰቡ የሚሸፍነውን ክፍል ማለታችን ነው። ድጎማ ደግሞ በወጪውና በክፍያው መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መንግሥት ከግብርና ከሌሎች ገቢዎቹ ይሸፍነዋል። ክፍያ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ወጪ ግን ዜሮ ሊሆን አይችልም። አንድ ትምህርት በነፃ ይሰጣል ሲባል ወጪው ሁሉ በድጎማ ተሸፍኗል ማለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ድጎማው ከማን ኪስ መጣ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቆያል።

ከእነዚህ ሌላ በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይሰፍር ወጪ አለ፤ የቀረ ገቢ እንበለው። ተማሪው በትምህርት ላይ ባይሆን ኖሮ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ ወይም ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ከገበሬ ቤት ለወጣች የመጀመሪያ ልጅ ይህ ወጪ ትልቅ ነው። እሷ ግቢ በምትቆይባቸው አራት ዓመታት የእርሻውን፣ የውኃውንና የታናናሾቿን ሥራ ሌላ ሰው መሸከም አለበት። መንግሥት የምግቧንም የመኝታዋንም ወጪ ቢሸፍን ይህኛው ከቤተሰቡ ትከሻ አይወርድም።

ሁለት ቃላት ይቀሩናል። ቅበላ ማለት በአንድ ዓመት አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ብዛት ነው። ተሳትፎ ማለት ደግሞ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያሉት ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ከደረሰው ወጣት ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ የሚገኘው ምጣኔ ነው። እነዚህን ማምታታት ቀላል ነው። የወጣቱ ቁጥር በፍጥነት በሚያድግበት አገር ቅበላ ከዓመት ዓመት ጨምሮ ተሳትፎ ባለበት ሊቆም፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። «ቅበላችን አደገ» የሚል ዜና ስንሰማ፣ ስንት ወጣት ለዚያ በር ተሰልፎ እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቃላቱን ከለየን ወደ ታሪኩ እንለፍ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲደራጅም ቁጥሩ ለአገሪቱ ሕዝብ ኢምንት ነበር። ትምህርቱ ክፍያ አልነበረውም፤ ምግብና መኝታም በመንግሥት ይሸፈን ነበር። በደርግ ዘመንም መሠረቱ ይኸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የቆሙት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ተሳትፎውም ከ1 በመቶ በታች ነበር። የዚያን ረጅም ዘመን ፖሊሲ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ይቻላል፤ በሩ ጠባብ ነው፣ ለገባው ግን ሁሉም ተሟልቶለታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ድጎማው ከየት ይመጣ እንደነበር እንይ። የአገሪቱ ገቢ በአብዛኛው የሚመነጨው ከገበሬው፣ ከቡና ንግድና ሸማቹ በየዕለቱ በዕቃ ላይ ከሚከፍለው ቀረጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ይገቡ የነበሩት በአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ የኖሩ ልጆች ናቸው። ልጇ አንደኛ ክፍል ደጃፍ ላይ እንኳ ያልደረሰላት የጅማ ወይም የሲዳሞ ቡና ለቃሚ፣ ጨውና አቡጀዲ በገዛች ቁጥር ለሌላ ሰው ልጅ ዲግሪ ታዋጣ ነበር። ይህን የምንለው በዚያ ዘመን የተማሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ያንን ውለታ አውቀው ለዚያው ገበሬ መብት የታገሉ ናቸው። ልንይዘው የሚገባን ቁም ነገር፣ በሩ ጠባብ በሆነበት ጊዜ የክፍያ አለመኖር ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣ ነው።

በሩን የሚመለከት ውሳኔ ምን ያህል ስሜት እንደሚነካ በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ያሳያል። ጥናቱ ገንዘቡ በገጠር ወደሚሰጥ መሠረታዊ ትምህርት እንዲያደላ ይመክር ነበር። ሐሳቡ በሒሳብ ሲታይ ለብዙኃኑ ያደላ ይመስላል። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ግን የድሃው ልጅ በአጭር ትምህርት ላይ እንዲቆም፣ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድም እንዲዘጋበት የታቀደ አድርገው ተረዱት። የየካቲት 1966 የመምህራን አድማ አንዱ መነሻ ይህ ነበር። ሰው በሩ ጠባብ መሆኑን ሊታገሥ ይችላል፤ ለልጁ ጨርሶ ተዘግቷል ብሎ ካመነ ግን አይታገሥም።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ይህ ፖሊሲ የመንግሥት ድጎማ ቅድሚያ እስከ አሥረኛ ክፍል ላለው ትምህርት እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ደግሞ ተጠቃሚው ወጪውን እንዲጋራ መርሕ አስቀመጠ። መርሑ በሥራ ላይ እስኪውል ዓመታት ፈጀ፤ በመካከሉ በሩ መከፈት ጀመረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መቀሌ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ያኔ ደቡብ ይባል የነበረው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ጎንደርና አርባ ምንጭ ተከተሉ። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ጀመሩ፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወሎ፣ ዲላ፣ ሰመራ፣ ጅግጅጋና መዳ ወላቡ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ከ1 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎም በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ወደ 10 በመቶ ተጠጋ።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ጠቅላላው ወጪ የሚገኘው የተማሪውን ብዛት ለአንድ ተማሪ በሚወጣው ገንዘብ በማባዛት ነው። ብዛቱ በብዙ እጥፍ ካደገና በጀቱ በዚያው ልክ ካላደገ፣ ከሁለት አንዱ ወይም ሁለቱም ይከተላሉ። ወይ ለአንድ ተማሪ የሚወጣው ይቀንሳል፤ ወይ የወጪው ከፊል ከመንግሥት ወደ ተማሪው ይዛወራል። በአገራችን የሆነው ሁለቱም ነው።

የመጀመሪያው በሕግ አልታወጀም፤ የሚታየው በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥር ተማሪ ይዳረሳል፤ ትናንት በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ወጣት ዛሬ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ኬሚካል በማጣት የቤተ ሙከራ ትምህርት በቃል ይሰጣል። ይህም ተማሪው የሚከፍለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ የሚከፍለው በብር ሳይሆን በሚቀርበት ዕውቀት መሆኑ ነው። የጥራት መጓደል ስለ ወጪ በሚደረግ ውይይት ላይ ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር ይታለፋል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ክፍያዎች ከባዱ እሱ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ገንዘብ ዕዳ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማለትም የወጪው ወደ ተማሪው መዛወር፣ በሕግ የታወጀ ነው። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተከተለውና ወጪ መጋራት ተጀመረ። ተማሪው በተለምዶ «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በደንቡ መሠረት ተማሪው የሚጋራው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። የቀረው የትምህርት ወጪ የመንግሥት ድጎማ ነው። ተማሪው አስቀድሞ መክፈል ይችላል፤ እንዲህ ላደረገ 5 በመቶ ይቀነስለታል። አስቀድሞ የማይከፍለው፣ ማለትም አብዛኛው ተማሪ፣ በየዓመቱ ውል ይፈርማል። ከተመረቀና ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስተላልፈው አሠሪው ነው። መምህር ሆኖ የተመደበ ምሩቅ በአገልግሎቱ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል።

ለዚህ ክፍያ ሕጉ የሰጠው ስም የምሩቃን ግብር ነው። ሕዝቡ ግን ብድር ወይም ዕዳ ይለዋል። ልዩነቱ ከስም ያለፈ ነው። ብድር የሚከፈለው በተወሰነ ቀን ነው፤ ተበዳሪው ሥራ ኖረውም አልኖረው ቀኑ አይጠብቀውም፤ ካልከፈለ ዋሱ ይጠየቃል ወይም መያዣው ይሸጣል። የምሩቃን ግብር ገቢን ተከትሎ ይመጣል፤ ሥራ ያልያዘ ምሩቅ የሚቆረጥ ደመወዝ የለውም፤ የአባቱ በሬም የእናቱ ቤትም ለዚህ መያዣ አይሆንም። ከሌላ ወገን ስናየው ደግሞ ከንጹሕ ግብርም ይለያል። ግብር ገቢ እስካለ ድረስ አያልቅም፤ ይህኛው በውሉ ላይ የሰፈረው ድምር ሲሞላ ያበቃል። ስለዚህ በብድርና በግብር መካከል ያለ ነገር ነው። መነሻ አርአያው አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሠራር ሲሆን፣ የዚያ አሠራር ቀያሽ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብሩስ ቻፕማን ለኢትዮጵያም ጥናት አዘጋጅቷል።

ይህን መለየት ለምን እንደሚጠቅም በገጠር ቤት ውስጥ ሆነን እናስበው። ዕዳ የሚለው ቃል በገበሬ ጆሮ ከበድ ያለ ታሪክ አለው፤ ዋስ መጥራት፣ ከብት መሸጥ፣ መሬት ማከራየት ይታወሰዋል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ዕዳ ፈረምኩ» ብሎ ሲደውል አባት የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ «ሥራ ስይዝ ከደመወዜ ከአሥር እጅ አንዱን ይቆርጡብኛል፤ እናንተን የሚጠይቅ የለም» ብሎ ቢያስረዳ ድንጋጤው ይበርዳል፤ ነገሩን ያስረዳበት መንገድም ትክክለኛው ነው።

እስካሁን ያየነውን እንያዘው። በሩ ሲሰፋ መንግሥት ወጪውን ብቻውን መሸከም አልቻለም፤ ስለዚህ የተወሰነውን ክፍል ምሩቁ ነገ ከሚያገኘው ገቢ ላይ አሳደረው። አሁን ደግሞ የዚያ ክፍል መጠን እንዴት እንደሚወሰን በውሉ ወረቀት ላይ እንይ።

ተማሪው በምዝገባ ሰሞን የሚሞላው ቅጽ ስሙን፣ ክፍሉንና የመጣበትን አካባቢ ከጠየቀ በኋላ አገልግሎቱን በምን መልክ እንደሚፈልግ ያስመርጠዋል፤ በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ። በዓይነት ሲል ካፌ ይመገባል፣ ዶርም ያድራል። በጥሬ ገንዘብ የሚወስደው፣ ግቢ ውስጥ «ነን ካፌ» የሚባለው፣ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ራሱን ይመግባል። ከዚህ በታች የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ወጪ በየረድፉ ሰፍሮ ድምሩ ይጻፋል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ብዙዎች ድምሩን ሳያዩ ፈርመው ያልፋሉ።

ድምሩን በአብዛኛው ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው የምግቡ ረድፍ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ መሆኑን አይተናል። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የሚያዘው በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ሆነ፤ ከዚያ ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። ጭማሪው የሚገባ ነበር። በ15 ብር ሦስት ጊዜ መብላት እንደማይቻል ምግብ አብሳዮቹም ያውቁታል። አሁን ለምሳሌ ያህል፣ ተማሪው በዓመት 300 ቀን ግቢ ይመገባል እንበል። በ15 ብር ሒሳብ የአንድ ዓመት ምግብ 4,500፣ የአራት ዓመቱ 18,000 ብር ይሆናል። በ100 ብር ሒሳብ የአንድ ዓመቱ 30,000፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ብር ይሆናል። ምሩቁ በወር 10,000 ብር ቢያገኝና 1,000 ብር ቢቆረጥበት፣ የመጀመሪያውን በአንድ ዓመት ተኩል ይጨርሳል፤ ሁለተኛውን ለመጨረስ አሥር ዓመት ይወስድበታል። መኝታውና ትምህርቱ ገና አልተደመሩም። ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት፣ ለተራበው ተማሪ እፎይታ ሆኖ የተነገረው ውሳኔ የነገው ምሩቅ ግብር ላይም ውሳኔ ነው። ይህ ውሳኔውን ስህተት አያደርገውም፤ ውሳኔው በሚነገርበት ቀን ሁለቱም ገጽታዎቹ ለተማሪው ቢነገሩት ግን ተገቢ ነበር።

በተቃራኒው የሚሠራ ሌላ ኃይልም አለ፤ የዋጋ ንረት ነው። የዋጋ ንረት ማለት የሸቀጥ ዋጋ በጠቅላላው እየጨመረ የአንድ ብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ መሄዱ ነው። ምሩቁ በተግባር የሚጠየቀው በውሉ ላይ የሰፈረውን የብር ድምር ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተፈረመ 18,000 ብር ያኔ ብዙ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ የሚገዛው እጅግ ጥቂት ነው። ዘግይቶ የከፈለ ሰው ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ቢከፍልም፣ የመለሰው ሀብት ከወሰደው ያነሰ ነው። ልዩነቱን ማንም በድጎማ ስም ሳይመዘግበው መንግሥት ተሸክሞታል፤ ያም ማለት ግብር ከፋዩ ሕዝብ ተሸክሞታል። ስለዚህ ተማሪው የተጋራው ወጪ በደንቡ ላይ ካለው መቶኛ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። «መንግሥት ወጪውን በተማሪው ላይ ጫነ» የሚለውም፣ «ተማሪው በነፃ ተምሮ ሄደ» የሚለውም ነገሩን በከፊል ብቻ ያያል።

ተማሪው የሚመደብበት የትምህርት መስክም የወጪው አንድ ወሳኝ ነው። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ መንግሥት ከሚቀበላቸው ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገቡ ወሰነ። ምህንድስና ከአብዛኛው የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት በዓመታት ይረዝማል፤ ሕክምና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ረዘም ላለ ትምህርት የተመደበ ተማሪ ብዙ ጊዜ ውል ይፈርማል፤ የቀረ ገቢውም ያድጋል። የመጀመሪያ ምርጫው ሳይደርሰው በሌላ መስክ የተመደበ ልጅ፣ ያልመረጠው ውሳኔ ያመጣውን ሒሳብ ራሱ ይፈርማል ማለት ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ፤ ምክንያቱም በ2015 ዓ.ም. እጅግ ጠቧል። የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር 2015 ይፋ ሲሆን ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ።

ይህን በትክክል ለመረዳት ሁለት ነገር መለየት አለብን። ፈተናው ችሎታን ይለካል፤ ችሎታን ግን አይፈጥርም። ከዚያ በፊት የነበሩት ከፍተኛ ቁጥሮች በከፊል የኩረጃ ውጤት ስለነበሩ፣ ቁጥሩ መውረዱ ብቻውን ትምህርቱ በአንድ ዓመት ወደቀ አያሰኝም። ጉድለቱ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሲከማች ኖሮ ያን ቀን ተገለጠ። የተገለጠው ደግሞ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ የሚዳረስበት፣ የፊዚክስ መምህር የሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትና ወላጅ በየወሩ የሚከፍልበት የከተማ ትምህርት ቤት አንድ ፈተና ላይ ተቀመጡ። በሩ በሚጠብበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ድጎማ ወደ ማን እንደሚያደላ የሚወስነው ከዚያ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ዓመታት የተከፈለው ክፍያ ይሆናል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ዘመን ስናይ ያነሳነው የፍትሕ ጥያቄ በሌላ መልኩ እንደገና ይመጣል።

የበሩ መጥበብ በወጪው ላይስ ምን ያደርጋል? ለዚህ ሁለት ቃላት እንጨምር። ቋሚ ወጪ የተማሪ ብዛት ቢያንስም ቢበዛም የማይለወጥ ነው፤ ሕንፃው፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የመምህራኑ ደመወዝ። ተለዋዋጭ ወጪ ከብዛቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ የካፌው ጤፍ እንደዚያ ነው። ስልሳ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ አሥራ አምስት ሰው ብቻ አሳፍሮ ከአዲስ አበባ ደሴ ቢሄድ ነዳጁና የሾፌሩ አበል ብዙም አይቀንስም፤ በአንድ ተሳፋሪ ላይ የሚደርሰው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ለብዙ ሺህ ተማሪ የተሠሩት ከ40 በላይ ግቢዎች ጥቂት ሲቀበሉ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ጠቅላላው ወጪ ትንሽ ይቀንሳል፤ የአንድ ተማሪ ወጪ ይንራል። መንግሥት 50 በመቶ ካላመጡት ውስጥ ከ100,000 በላይ ተማሪዎችን መርጦ በማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሪሚዲያል» በሚባለው፣ ማስገባቱ ከትምህርታዊ ዓላማው በተጨማሪ ከዚህ ሒሳብ ጋርም ይገናኛል፤ ዶርሙም መምህሩም ሥራ ያገኛሉ።

የግል ኮሌጆችን በአጭሩ እንንካ። ተማሪዎቻቸው ወጪ መጋራት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሙሉውን ዛሬ ከኪስ ይከፍላሉ። ሆኖም በራቸው ከመንግሥት ፖሊሲ ነፃ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርት እንዳያስተምሩ ሲከለክል ብዙዎቹ ትልቅ የገቢ ምንጫቸውን በአንድ መመሪያ አጡ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመግቢያ ውጤቱና ከመመረቅ በፊት የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ለእነሱም ይሠራል። የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ለዓመታት ከፍሎ ዲግሪውን ሳይዝ ይቀራል፤ ስለዚህ ኮሌጅ ሲመረጥ ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን በመውጫ ፈተና የሚያልፍለትን ተማሪ ብዛትም መጠየቅ የዋጋው አካል ነው።

በመጨረሻ የምናየው ለውጥ ራስ ገዝነት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ነው ሲባል ቅበላውን፣ ሠራተኛውንና ገቢውን በራሱ ውሳኔ ያስተዳድራል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሆነ፤ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠትና ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበልም ጀመረ። እዚህ ላይ ተቋምን መደጎምና ተማሪን መደጎም የተለያዩ ናቸው። ተቋም ሲደጎም ግቢው የገባው ሁሉ፣ ሀብታምም ድሃም፣ እኩል ይጠቀማል። ተማሪ ሲደጎም ገንዘቡ ለተቸገረው ተለይቶ ሊሰጥ ይችላል፤ መክፈል የሚችለው ይከፍላል። ሁለተኛው በሐሳብ ደረጃ ለፍትሕ የቀረበ ነው፤ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። ግን አንድ ከባድ ሥራ ይጠይቃል፤ የተቸገረውን ለይቶ ማወቅ። አብዛኛው ሰው ደመወዝ በማይበላበት፣ የገበሬው ገቢ በወረቀት በማይሰፍርበት አገር፣ ማነው የሚችለው፣ ማነው የማይችለው የሚለውን በቀበሌ ደብዳቤ ብቻ ለመወሰን መሞከር አደጋ አለው። መለያው ሳይስተካከል ክፍያው ከቀደመ ከበሩ የሚመለሰው ድሃው ነው።

ያው የደመወዝ ጉዳይ በወጪ መጋራቱም ላይ ይታያል። የምሩቃን ግብር ደመወዝን ተከትሎ እንዲሄድ ሆኖ ተቀይሷል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ የተቀጠረ ምሩቅ በየወሩ ይቆረጥበታል። በራሱ ንግድ የሚተዳደረውን፣ ሥራ ፈላጊውንና ወደ ውጭ የሄደውን ግን ቆራጭ አሠሪ አያገኛቸውም። ክፍተቱን የሸፈነው ሰነድ ነው፤ ምሩቁ ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ግን ከገቢዎች የወጪ መጋራት ክሊራንስ ይጠየቃል። ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በዱባይ የሚኖር ምሩቅ ትምህርቱን ለማስመዘን ሲነሳ፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ወክሎ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ያለ ደመወዝ የተቀመጠው ሥራ ፈላጊም በዚያው መስኮት በኩል ይጠየቃል፤ ገቢ ሲገኝ ብቻ እንዲከፈል የታሰበው ግብር በእሱ ላይ ወደ ተራ ዕዳነት የሚመለሰው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ምሩቅ ሥራ ለመያዝ ሰነዱን ይፈልጋል፤ ሰነዱን ለማውጣት ደግሞ ከሥራው የሚገኘውን ገንዘብ ይፈልጋል። ደንቡ ገቢ ለሌለው ምሩቅ የሰጠው እፎይታ በሰነዱ መስኮትም እንዲከበርለት መጠየቅ፣ ከደንቡ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ጥያቄ ነው።